አያታችሁ «ኃይሉ» ናቸው ወይስ «ሀይሉ»? አንድ ፊደል የቤተሰብ ታሪክን እንዴት ይደብቃል

እስቲ ስልካችሁን አውጡና «ፀሐይ» የሚለውን ስም በስንት ዓይነት መጻፍ እንደሚቻል ሞክሩ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ፣ ፀኃይ... መጀመሪያ ላይ ያለው ድምፅ 2 ፊደል አለው፤ ቀጥሎ ያለው ደግሞ 6 (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)። ሲባዛ 12 ይመጣል። የኛ አገር ሰው በአፉ «ጠሐይ» የሚላትን ሳንቆጥር ነው።

ለጆሮ ሁሉም አንድ ናት። ለኮምፒዩተር ግን 12 የተለያዩ ስሞች ናቸው።

ታዲያ ምን ችግር አለው? አለው እንጂ! አንድ የራቤል ልጅ የአባቱን ውርስ ሲጠይቅ፣ ወይም ውጭ ካለች እህቱ ጋር ያለውን ዝምድና ሲያስረዳ፣ ትምህርት ማስረጃው ላይ «ኃይሉ»፣ መታወቂያው ላይ «ሀይሉ»፣ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ካለ «ይሄ አንድ ሰው ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ይመጣበታል።

ነገሩ ከየት መጣ?

በግእዝ ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያየ ድምፅ ነበራቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዛው። አማርኛ ላይ ድምፃቸው አንድ ሆነ፤ ፊደሎቹ ግን ቀሩ። አንዳንዴ ትርጉም ይቀይራሉ። «ሠረቀ» በሠ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ በሰ ከተጻፈ ሌባ ያደርጋል። «አመተ ማርያም» የማርያም አገልጋይ ናት፤ በዐ ከተጻፈች ግን «ዓመት» ትሆናለች።

በዚህ ላይ ማሳጠር አለ። «ተ/ማርያም» የሚል መዝገብ ብታገኙ ተክለ ማርያም ናቸው ወይስ ተስፋ ማርያም? ከወረቀቱ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ደግሞ ስሙ ራሱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ስም፣ ትምህርት ቤት የዓለም ስም ነው የሚጻፈው። አፄ ምኒልክን እንኳ ብንወስድ የቀድሞ ስማቸው ሣህለ ማርያም፣ የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነው። «ምኒልክ» ራሱ በየቦታው «ሚኒሊክ»፣ «ምኒሊክ» እየተባለ ይጻፋል።

መንዝ ላይ ዘር መቁጠር ድሮ የጨዋታ ነገር አልነበረም። በርስት ሥርዓት መሬት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚ አባቱ ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ስም በስም መቁጠር ነበረበት። ለጋብቻም ሰባት ቤት ይቆጠራል። ይሄ ሁሉ በቃል ስለነበር ፊደል ማንንም አላስቸገረም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ለመሬት ተብሎ ሐረግ መቁጠር ቀረ። ዛሬ ማስረጃ የሚባለው ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ የሚያየው ፊደል እንጂ ድምፅ አይደለም።

ይሄ የኛ ብቻ አይደለም። አየርላንዶች «ማክ» የሚሉት «የእገሌ ልጅ»፣ «ኦ» የሚሉት «የእገሌ የልጅ ልጅ» ለማለት ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ስማቸው እንደተሰማ በእንግሊዝኛ ተጻፈ፤ ብዙዎች «ኦ»ዋን ጣሏት፣ አንዳንዶች ኋላ መለሷት። ስለዚህ «ኦብራየን» እና «ብራየን» የአንድ ቤት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1918 እ.ኤ.አ. ሳውንዴክስ የሚባል ዘዴ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ተቀራራቢ ድምፅ ላላቸው ፊደሎች አንድ ቁጥር እየሰጠ ስምን በድምፁ ያስፈልጋል። እኛም በእጃችን ያንኑ ማድረግ እንችላለን።

እንዴት?

1. ስም ስትፈልጉ በአንድ አጻጻፍ አትቁሙ። ሀ/ሐ/ኀን፣ ሰ/ሠን፣ አ/ዐን፣ ጸ/ፀን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ገብረ ሥላሴን ለያይታችሁም፣ አያይዛችሁም፣ «ገ/ሥላሴ» ብላችሁም ፈልጉ።

2. የድሮ ሰነድ ስትገለብጡ «ላስተካክለው» አትበሉ። እንዳለ ጻፉት፤ የት እና መቼ እንደተጻፈ ከጎኑ አስፍሩ።

3. ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ኃይሉ የሚባል ሰው ብዙ ነው። አጥቢያውን፣ ቀበሌውን፣ የሚስቱንና የወንድሞቹን ስም አብራችሁ ያዙ።

4. አያቶቻችሁን በስልካችሁ ድምፅ ቅዱ። የክርስትና ስማቸውን፣ የቤት ስማቸውን፣ «ይሄን ስም ለምን አወጡልዎ?» ብላችሁ ጠይቁ። የስሙ ትርጉም ከታወቀ ፊደሉም ይታወቃል።

5. ፓስፖርት ወይም ፋይዳ ከማውጣታችሁ በፊት ከእህት ወንድሞቻችሁ ጋር የአባትና የአያት ስም በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ ተስማሙ። መዝጋቢው ጽፎ ሳይጨርስም ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ አንብቡት።

ከአምስቱ ቀጠሮ የማይሰጠው አራተኛው ነው። ወረቀት ቢሳሳት በፍርድ ቤትም በምስክርም ይስተካከላል። ሐረጉን በቃላቸው የያዙት ሽማግሌ ካለፉ በኋላ ግን ማንን ትጠይቃላችሁ?

የእናንተ ስም እስካሁን በስንት ዓይነት ተጽፎ ያውቃል? ሰነዶቻችሁን ዛሬውኑ ደርድራችሁ እዩት።