«በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል»፦ ማኅበራዊ መደብ በሥራ ቦታ



የሥራ ማስታወቂያ ስታነቡ ከትምህርት ደረጃና ከሥራ ልምድ ቀጥላ የምትመጣውን አጭር ሐረግ ልብ ብላችኋል? «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» ትላለች። ለገንዘብ ያዥ፣ ለንብረት ክፍል ሠራተኛና ለሾፌር የተለመደች ናት። ዋስ እንዲሆን የሚፈለገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ነው። ወላጆቹ ደመወዝተኞች የሆኑለት እጩ ለአጎቱ ስልክ ይደውላል፤ ከገበሬ ወይም ከቀን ሠራተኛ ቤት የወጣችው ተመራቂ ግን በማታውቀው ከተማ ማንን ትጠይቅ? በፈተናው እኩል ውጤት ቢያመጡ እንኳ የሚለያቸው ችሎታ ሳይሆን ዘመድ ነው።

በሥራ ቦታ ስለ ብዝኃነትና አካታችነት ስንወያይ ጾታን፣ አካል ጉዳትንና ብሔርን እናነሣለን፤ ተገቢም ነው። መደብ ግን ከውይይቱ ይቀራል። ሕጋችን ፈጽሞ ዘንግቶታል ማለቴ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥ፣ በሀብትና በትውልድ ልዩነት እንዳይደረግ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111ም ማኅበራዊ አመጣጥን በስም ይጠራል። ወደ ምልመላ ስንወርድ ግን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ቅድሚያ የሰጠው ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ያላቸው ተዋጽዖ አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ነበር። ድህነት ከዝርዝሩ ውስጥ አልገባም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሪታንያ የእኩልነት ሕግ ጥበቃ የሰጣቸው መለያዎች ዘጠኝ ሲሆኑ መደብ አንዱ አይደለም። ሳም ፍሪድማንና ዳንኤል ሎሪሰን በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከሠራተኛው መደብ ወጥተው በዚያች አገር ከፍተኛ ሙያዎች የደረሱ ሰዎች ከባለጸጋ ቤት ከመጡት ባልደረቦቻቸው በአማካይ 16 በመቶ ያህል ያነሰ እንደሚከፈላቸው አሳይተዋል። በር ማለፍ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ፒየር ቡርዲዩ «ባህላዊ ካፒታል» ያለው፣ እንደ አነጋገርና አለባበስ ያለው፣ ከበሩ ወዲያም ይከፋፍላል።

በእኛ አገር ጉዳዩ ሌላም ሥር አለው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኞችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጀው ነበር። አዋጁ ማስፈለጉ ራሱ ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይመሰክራል።

አሠሪው ለንብረቱ መሥጋቱ ያለ ምክንያት ነው አልልም። ነገር ግን ሥጋቱን ለማስወገድ ሌላ መንገድ አለ። ከሠራተኛ እምነት ማጉደል ለሚደርስ ጉዳት መድን መግባት ይቻላል፤ ዓረቦኑን አሠሪው ይክፈል። ዋስትና የግድ ከሆነም ገንዘብና ንብረት በቀጥታ ለሚረከብ ሥራ ብቻ፣ ያውም ከምርጫው በኋላ ይጠየቅ። የሰው ኃይል ክፍሎችም የእጩዎችን ወላጆች ሥራ በፈቃደኝነት ይመዝግቡ፤ ያልተቆጠረ ልዩነት አይታይምና።

ተማሪዎቼ፣ ነገ ከእናንተ መካከል ማስታወቂያ የሚያረቅቅ ይኖራል። ያችን ሐረግ ከመጻፉ በፊት፣ በዚህ አዳራሽ አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ዋስ የሚሆነው ሰው ያለው እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።