ሲነኩት የሚመልስ ካርታ

ቦሩ ሜዳን ብዙ ሰው የሚያውቀው አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. በጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ ነው፤ የደሴ ሰው ደግሞ በሆስፒታሉ። እኔ የማነሳው በዝናቡ ነው። ከደሴ በስተሰሜን ያለው ይህ ደጋ የበልግ አገር ነው። ጥርና የካቲት ላይ ሰማዩ ከጨከነ የገብሱ ነገር ያበቃል፤ በክረምቱ መግቢያ አዲስ እህል እቀምሳለሁ ብሎ ጎተራውን ያሟጠጠ ቤትም ባዶውን እስከ መኸር ሊከርም ነው። እዚያ «ዝናቡስ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሰላምታ ማሟያ የሚጣል ቃል አይደለም።

ይህን ጥያቄ ስልክም መመለስ ከጀመረ ቆየ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ስሙ ገና ኤጀንሲ ሳለ፣ በኢንተርኔት የሚከፈት የዝናብ ካርታ አዘጋጅቷል። ባለሙያዎቹ «ማፕ ሩም» ይሉታል፤ የካርታ ክፍል እንደ ማለት ነው። ሲከፈት አገሩ በቀለም ተሸፍኖ ይታያል። እስከዚህ ድረስ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ካርታ የሚለየው ነገር የለም። ልዩነቱ የሚጀምረው ቦታ ሲመረጥበት ነው። ያን ጊዜ ከካርታው አጠገብ ግራፍ ይወጣል፤ በመረጡት ቦታ የዘንድሮው ዝናብ ከብዙ ዓመቱ አማካይ ጋር ተነጻጽሮ ይታያል። በልግ እየጠበቀ ላለ ሰው የዘንድሮው መስመር ከአማካዩ በታች እየራቀ ሲሄድ ማየት አንድ ገጽ ሙሉ ሪፖርት ከማንበብ ይበልጣል።

ከሥራው ጀርባ ዶክተር ቱፋ ዲንቁ አሉ። በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለ የአየር ንብረት ምርምር ተቋም የሚሠሩ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ናቸው። ከአገር ቤት ባለሙያዎች ጋር ያስጀመሩት ሥራ በምሕጻረ ቃል ኢናክትስ ይባላል። መነሻው ቀላል ችግር ነው። መሬት ላይ የተተከለ የዝናብ መለኪያ እውነቱን ይናገራል፣ ግን የሚያውቀው የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። ሳተላይት ሁሉን ቦታ ያያል፣ ግን በአብዛኛው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ተመልክቶ ነው ዝናቡን የሚገምተው። ሁለቱን አጋቡና አገሩን በ4 ኪሎ ሜትር ገደማ ሳጥኖች ከፋፍለው ለእያንዳንዱ ሳጥን በየ10 ቀኑ የዝናብ መጠን ሰጡት፤ መዝገቡ ከ30 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኢትዮጵያ ቀጥሎ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያና ማዳጋስካር ተከተሉ። ከውጭ መጥቶ እዚህ ከተሞከረው ብዙ ነገር መካከል ይህ ከዚህ ወደ ሌላው የሄደ መሆኑ ደስ ይለኛል።

ካርታው ሲነኩት የሚመልሰው እንዴት ነው? ምሥጢሩ እያንዳንዱ ቁጥር ከገጹ ላይ ካለ አንድ ምልክት ጋር መታሰሩ ነው፤ ከነጥብ፣ ከዘንግ ወይም ከቀለም ሳጥን ጋር። ቁጥሩ ሲለወጥ ምልክቱም ይረዝማል፣ ይቀላል፣ ቦታውን ይለቃል። ይህን ማሰሪያ ለድረ ገጽ ሠሪ ሁሉ በነፃ ያደረሰው ዲ3 የተባለው የፕሮግራም መሣሪያ ነው፤ ማይክ ቦስቶክና በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አብረውት የሠሩት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 አወጡት። ከዚያ ወዲህ በዓለም ታላላቅ ጋዜጦች ላይ የምናየው የሚንቀሳቀስ ግራፍ አብዛኛው የእሱ ወይም የዘመዶቹ ሥራ ነው።

መንገዱን ለሕዝብ የከፈተው ግን ስዊድናዊው ሐኪም ሃንስ ሮዝሊንግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 መድረክ ላይ ቆሞ አገሮችን እንደ አረፋ እያንሳፈፈ፣ እንደ ስፖርት ጋዜጠኛ እየጮኸ፣ የልጆችን ሞትና የወሊድን ቁጥር አስተረከ። የኢትዮጵያም አረፋ ከዚያ ውስጥ አለ፤ በእሱው ጋፕማይንደር ድረ ገጽ ላይ ጊዜውን ሲያስሮጡት በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዘመን ላይ አማካይ ዕድሜው ወደ ታች ይወርዳል። ያን ዓመት ወሎ ሆኖ ያለፈ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ያን አረፋ መመልከት ከባድ ነው። ለተመልካቹ የአንድ ሰከንድ ነገር ነው።

ሌሎቹ ደግሞ ቁጥሩን ጭራሽ ቁጥር እንዳይመስል አደረጉት። ማርቲን ዋተንበርግና ፈርናንዳ ቪዬጋስ እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካንን ነፋስ እንደ ፀጉር በሚወርዱ ነጭ መስመሮች ሣሉ፤ በዓመቱ ካሜሮን ቤካሪዮ «ኧርዝ» በተባለው ገጹ ዓለምን በሙሉ እንዲሁ አደረገ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አንበጣ የራያንና የወሎን ቆላ ማሽላ ሲያወድም ያን ገጽ የከፈተ ሰው ነፋሱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወዴት እንደሚያመራ በዓይኑ ሊከተለው ይችል ነበር። መንጋው በነፋስ ነው የሚጓዘው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የአገራችን የዝናብ መለኪያዎች በብዛት ያሉት በከተሞችና በዋና መንገድ ዳር ነው፤ ኮምቦልቻ ጣቢያ አላት፣ ከመንገዱ የአንድ ቀን እግር ጉዞ የራቀው ቀበሌ ግን የለውም። ካርታው ግን ሁለቱንም በእኩል ድፍረት ይቀባቸዋል። ደግሞም ወሎ ሜዳ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢራራቁ ነው፤ በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያሉ፤ አንዷ ጋቢ ስታስደርብ ሌላዋ ኮት ታስወልቃለች። እንዲህ ባለ አገር አንድ ሳጥን ገደሉንም ሜዳውንም በአንድ ቀለም ሲያለብስ ገበሬው ቢስቅ አይፈረድበትም።

የቀን አቆጣጠሩም አለ። የእነዚህ ካርታዎች 10 ቀን የሚቆጠረው በፈረንጁ ወር ነው። የእኛ ደጋ ሰው ግን ዘሩን የሚያስታውሰው በጥምቀት፣ በልደታ፣ በሐምሌ አቦ ነው። ሙስሊሙ ጎረቤቱም የራሱ በዓላት በጨረቃ ስለሚዞሩ ለእርሻው እነዚሁኑ ይጠቅሳል። የግራፉ እግር ላይ ከፈረንጁ ወር ስም ይልቅ እነዚህ ቢሰፍሩ መስመሩ ማስተርጎሚያ አያሻውም። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣው የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ2፣ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ይቀበላል፤ ስለዚህ አይቻልም የሚባል ነገር አይደለም። ስልኩንም ማሰብ ነው፦ ማውዝ ሲያልፍበት ብቻ ብቅ የሚል ቁጥር በጣት ለሚነካ ሰው የለም።

ከፈጠራዎቹ ሁሉ ለእኛ አገር የምመኘው ግን አንዱን ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2015 የወላጅ ገቢ ልጅን ኮሌጅ ከማስገባቱ ጋር ያለውን ዝምድና ሲያቀርብ ግራፉን ባዶ አድርጎ አወጣው። አንባቢው መጀመሪያ የመሰለውን መስመር በጣቱ ይስላል፤ ከዚያ እውነተኛው መስመር በላዩ ይወጣል። ሰው ስሕተቱን በገዛ እጁ ስሎ ካየ በኋላ ቁጥሩን አይረሳውም።

ይህን ለደሴ እህል ገበያ አስቡት። የ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ። ባዶ ግራፍ፣ ከእግሩ ወራት፣ ከጎኑ የእህል ዋጋ። ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ ዋጋው እንዴት ሆነ? እኔ ብጠየቅ መስመሩን ሽቅብ እሰቅለው ነበር፤ እናንተም ሳትሰቅሉት አትቀሩም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የዚያን ዘመን የደሴን ዋጋ ሰንጠረዥ አስቀምጧል። ዋጋው ይህን ያህል አልጨመረም። እንዲያውም በረሃቡ ወቅት ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ እንደነበር ጽፏል። የጠፋው የመግዣ አቅም ነበር፦ ሰብሉ የከሸፈበት ገበሬ የሚሸጠው የለው፣ የአርብቶ አደሩ ከብት ደግሞ ከእህል አንጻር ዋጋው ወድቋል። የእህሉን ዋጋ ብቻ እየተከታተለ የሚያስጠነቅቅ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ገበያው ሰላም ነው ብሎ ይተኛ ነበር።

የሚመልስ ግራፍ ዋጋው እዚህ ላይ ነው። አንባቢው አንድ ቁልፍ ነክቶ የከብቱን ዋጋ ይጨምራል፤ ከእህሉ ጠፍጣፋ መስመር ሥር ሌላ መስመር ቁልቁል ሲወርድ ያያል። ሌላ ነክቶ ዝናቡን ያስገባል። ሌላ ነክቶ የዕርዳታ ጣቢያዎቹን ያመጣል፤ እነሱም እንደ ዝናብ መለኪያዎቹ በዋናው መንገድ ዳር ተደርድረው ይገኛሉ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከሴን ጋር አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው መጽሐፋቸው፣ በዚያው በፈረንጁ አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ረሃብ ዓመት በዓመት ተከታትለው ጥፋቱን ገበሬውን መቋቋሚያ ባሳጣው ሥርዓት ላይ ጣሉ። ሁለቱን ክርክሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንባቢውን ራሱን ፈራጅ የሚያደርግ የአማርኛ ገጽ እስካሁን አላየሁም።

መረጃው የለም እንዳይባል፣ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የችርቻሮ ዋጋ ይሰበስባል፤ የሳተላይቱም ዝናብ በነፃ ይገኛል፤ ዲ3ም እንዲሁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ላይ አለ። ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ የቸገረው ተማሪ ይህን ካነበበ አደራዬን ይቀበለኝ፦ የደሴን የእህልና የከብት ዋጋ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ በስልክ በሚከፈት አድርግልን። መስመሩን ከማሳየትህ በፊት እኛው እንድንስለው ጠይቀን። ጳጉሜንም እንዳትረሳት።