ሁለት ዓመት በስልክ፣ አንድ ቀን በእግር!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰርግ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ጉዳይ የለ... ከምትወዱት ሰው ጋር እንዲሁ ከጠዋት እስከ ማታ አብራችሁ ውላችሁ ታውቃላችሁ? "እሱማ በየሳምንቱ ነው!" የምትሉ አትጠፉም። ለእኔና ለባለቤቴ ግን ይህ ቀን የደረሰን በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ያውም በሰው አገር፣ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ከተማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ተደግሶ ተጋባን፣ በሦስተኛው ሳምንት እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ቪዛ ስጠብቅ ሁለት ዓመት በስልክ ተፋቀርን። ስመጣስ? እሱ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሬ ቢሮ አጸዳለሁ። እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ በር ላይ እንገናኛለን። "የስልኩ ሰውዬ ይሻለኝ ነበር እንዴ?" ማለት ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ታዲያ ሚያዝያ ላይ ሁለታችንም እረፍት የሆንበት አንድ ማክሰኞ ተገኘ። ቀድሜ ሕግ አወጣሁ፤ ሱፐርማርኬት የለም፣ ሐዋላ የለም፣ የማንም ቤት አይኬድም!

በባቡር ፍሊንደርስ ስትሪት ጣቢያ ወረድን። ሕንፃው በ1910 የተጠናቀቀ ነው። መግቢያው ላይ ሰዓቶች ተደርድረዋል፤ የከተማው ሰው ሲቀጣጠር "ከሰዓቶቹ ሥር" ይባባላል፤ የእኛ "አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ" እንደማለት። ከዚያ ትራም። መሀል ከተማ ውስጥ ከ2015 ጀምሮ ትራም በነፃ ነው። ቁጭ ማለት ብቻ!

መጀመሪያ ኩዊን ቪክቶሪያ ገበያ ሄድን፤ ከ1878 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው። እዚያ ምን አገኘሁ መሰላችሁ? ቦምቦሊኖ! ትኩስ፣ ውስጡ ማርማላታ፣ ላዩ ስኳር። ባለቤቴ ጢሙ ላይ ስኳር ይዞ ሲያወራኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በስልክ ጢም አይታይማ!

ቀጥሎ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት። በ1913 የተከፈተ ጉልላት ያለው የንባብ አዳራሽ አለው፤ አንገታችሁ እስኪታመም ሽቅብ ታያላችሁ። የኔድ ኬሊን የብረት ልብስም እዚያው አየን። ኔድ ኬሊ በ1880 የተሰቀለ ሽፍታ ነው፤ ከማረሻ ብረት ጥሩር አሠርቶ ከፖሊስ ጋር ተታኩሷል። ባለቤቴ ስድስት ዓመት ሙሉ ቱሪስት ደጁ ላይ ሲያወርድ አንድ ቀን ዘልቆ አያውቅም። "መግቢያው በነፃ ነው እንዴ?" አለኝ። ስድስት ዓመት!

ከዚያ ያራ ወንዝ ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ ዝም ብለን ነበር፤ ስልክ ላይ ዝምታ ካርድ ይበላል፣ እዚህ ግን ማንም አይቆጥርብንም። ድንገት "አንድ ሌሊት ተሳፋሪ ደብድቦኝ ነበር" አለኝ። ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣም። ያን ሰሞን ስልክ ላይ ምን ይለኝ ነበር? "ጉንፋን ይዞኛል።" እኔም እዚያ ሆኜ ዝንጅብል በማር ጠጣ እያልኩ እመክራለሁ! ተናደድኩ፤ አለቀስኩም። እሱ ግን ሳልጠይቀው ሌላውንም ነገረኝ፤ ሁሉን እዚህ አልጽፈውም። ካፌ ተፋጥጦ "ግልጽ እንሁን" የሚባለው ነገር እኔ ብዙ አላምንበትም። ጎን ለጎን ተቀምጦ ወንዝ ሲያዩ ነው ወሬ የሚወጣው።

ወንዙን ይዘን ወደ ትልቁ ስታዲየም ተጓዝን፤ መቶ ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው እዚህ ነው፣ በ1956። ማሞ ወልዴ 800 እና 1500 ሜትር ሮጦ ያለ ሜዳሊያ ተመለሰ፤ ከ12 ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን አሸነፈ። ባለቤቴ አጥሩን ተደግፎ እንዳየ ሰው ሲተርክልኝ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ዓይኑ ሲበራ አላየሁም። እግሬ ግን አለቀ። እሱ ፈጣን፣ እኔ አዝጋሚ፤ እንደዚያም ሆኖ በየመሀሉ ቆም ይልልኛል።

ሲመሽ ፉትስክሬይ ገባን፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚበዙበት ሰፈር ነው። ጥብስ አዘዝን። በቀኑ ውስጥ ከኪሳችን የወጣው የባቡር፣ የቦምቦሊኖና የእራት ብቻ ነው። ልንጎርስ ስንል ስልኩ ጮኸ፤ የታክሲው ባለቤት ነው፣ የሌሊቱ ሹፌር ቀርቶበታል። ባለቤቴ አየኝ። እኔ ምንም አላልኩም። አንዴ ዘጋው፣ ደግሞ ጮኸ። በሦስተኛው አነሳና ድምፁን ጎርነን አድርጎ፣

"ይቅርታ ወንድሜ፣ ጉንፋን ይዞኛል" አለ።