ጂዛን ላይ ላሜራን የሚበላው ጨው

አዲስ አበባ ከባሕር ርቃ ከፍታ ላይ በመሆኗ ቮልስዋገንና ላዳን ለአሥርት ዓመታት አኑራለች። በሳዑዲ ደቡብ ምዕራብ፣ ቀይ ባሕር ዳር ባለችው ጂዛን ግን ሞተሩ ገና ጉልበት እያለው አካሉ ቀድሞ የሚያልቅ መኪና ብዙ ነው።

ጥፋተኛው ጨው ነው። ነፋሱ ከባሕር ያመጣዋል፤ ሰብካ የሚባለው የዳርቻው ጨዋማ ሜዳም ከአቧራ ጋር ያቦንነዋል። አሮጌው የከተማዋ ክፍል ራሱ የጨው ጉብታ ላይ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ ጨው እየሟሟ ቤቶች ተሰነጣጥቀዋል። ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን ሲያገኙት ነው፤ ጨው ያፋጥነዋል። የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ደግሞ ጨው ከአየር ውኃ ስቦ ይቀልጣል። ስለዚህ ዝናብ ሳይዘንብም ውጭ ያደረ መኪና ሆዱ ርጥብ ነው። ከባሕር በራቁ ቁጥር ይህ ጨው ስለሚቀንስ፣ ሻጩን መኪናው የት እንደኖረ መጠየቅ ይጠቅማል፤ የየመን ድንበር አጠገብ ባለችው ሳምጣ የኖረው ወደቡ ዳር ካደረው ይሻላል።

ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል። እብጠቱ ሲታይ ላሜራው ከውስጥ ሳስቷል ማለት ነው። የፓራፋንጎ ጠርዝ፣ የበር ታችኛው እጥፋት፣ ከምንጣፍ ሥር ያለው ወለልና የፊት መስታወት ዙሪያ ውኃ የሚተኛባቸው ቦታዎች ናቸው።

ጎበዝ ላሜሪስት ሥራውን የሚጀምረው በንጹሕ ውኃ ነው፤ ጨዉ ሳይታጠብ የተቀባ ቀለም ከሥሩ እንደገና ያብጣልና። ከደረቀ በኋላ ብረቱ እስኪያበራ ይፍቃል፤ የሳሳውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይዳል። በጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ የቀረውን ዝገት በፎስፎሪክ አሲድ ወደማይጎዳ ፎስፌት ይለውጠዋል። ከዚያ በዚያው ቀን ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት አለበት፤ በጂዛን እርጥበት ራቁቱን ያደረ ብረት ጠዋት ቀልቶ ይገኛል። ስቱኮ ተራው ከዚህ በኋላ ነው፤ እርጥበት ስለሚመጥ ዝገት ላይ ከለጠፉት ጉዳቱን ያብሳል። በመጨረሻ የበሮቹ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ ባዶ ክፍሎቹም በሰም ወይም በዘይት ይረጫሉ።

ከአገር ርቀው በላብዎ ያጠራቀሙትን ለአሮጌ ሃይሉክስ ከማውጣትዎ በፊት ግን ከሥሩ ይግቡ። ሸክሙን የሚችለው ቻሲው ነው። የካቻቢቴ ጫፍ ቻሲውን ከበሳው፣ ቀለሙ ምንም ቢያምር አይግዙት።