አልጌን ለማጥፋት ዓሣ መልቀቅ? አስቀድመው ሊመለሱ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች

የጣና ሐይቅ ሥጋት ሲነሳ ቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የእምቦጭ አረም ነው። ሐይቁንም ሆነ በዙሪያው ያሉ ኩሬዎችንና ግድቦችን የሚያሰጋ፣ እንደ እምቦጭ በእጅ የማይነቀል ሌላ ችግርም አለ፤ ጎጂ አልጌ። በባሕር ዳር ባሕረ ሰላጤ የተካሄዱ ጥናቶች ማይክሮሲስቲስ የተባለው መርዝ ማመንጨት የሚችል ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ በሐይቁ መኖሩን አሳይተዋል። በቆቃ ግድብም ይኸው አልጌ ውኃውን አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት እስኪመስል ድረስ ሲሸፍነው ታይቷል።

አልጌው የሚያመነጨው ማይክሮሲስቲን የሰውንም የከብትንም ጉበት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ በሚጠጣ ውኃ ውስጥ መጠኑ በሊትር ከ1 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ውኃውን ማፍላት መርዙን አያጠፋውም።

እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም አልጌውን የሚበላ ዓሣ ወይም የሚገድል ረቂቅ ተሕዋስ መልቀቅ እንደ መፍትሔ ይቀርባል። ይህ ሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር ይባላል። ኬሚካል ስላልሆነ ብቻ ጉዳት የለውም ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። የተረጨ ኬሚካል ውሎ አድሮ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የተለቀቀ ዓሣ ግን ይራባል። በመሆኑም ማንኛውም ወረዳ እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲቀርብለት ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይኖርበታል።

የሚበላው አልጌውን ብቻ ነው?

በቪክቶሪያ ሐይቅ ለእምቦጭ መቆጣጠሪያ የዋሉት ጢንዚዛዎች የተመረጡት ከእምቦጭ ውጭ ሌላ ተክል ላይ መኖርና መራባት እንደማይችሉ በሙከራ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በአልጌ በል ዓሣዎች ላይ ግን ይህ ዋስትና የለም። ለአልጌ ቁጥጥር በብዛት የሚጠቀሰው ሲልቨር ካርፕ የሚመገበው ውኃውን እያጠለለ ስለሆነ ከአልጌው ጋር አልጌውን የሚመገቡትን ጥቃቅን የውኃ እንስሳትም ይጠርጋል። አልጌ በሊታቸው ሲቀንስ ደቃቁ አልጌ ጭራሽ ሊበዛ ይችላል። ከዚህም በላይ ማይክሮሲስቲስ ተውጦ በዓሣው አንጀት አልፎ በሕይወት የሚወጣበት ጊዜ አለ።

ይህ ለጣና ቀላል ጉዳይ አይደለም። በሐይቁ ከ15 ያላነሱ የበርበስ ዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ከእነዚህ መካከል እነዚያኑ ጥቃቅን እንስሳት የሚመገቡ አሉ። ባዕድ ዓሣ ቢገባ የሚሻማው የእነርሱን ምግብ፣ በመጨረሻም የአሥጋሪውን ገቢ ነው።

ከተለቀቀ በኋላ መመለስ ይቻላል?

ሲልቨር ካርፕ ወደ አሜሪካ አርካንሳስ ግዛት የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ሲሆን፣ ዓላማውም የዓሣ ማርቢያ ኩሬዎችንና የፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳዎችን ከአልጌ ማጽዳት ነበር። ዓሣው አምልጦ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝና ገባሮቹ ተስፋፋ። ዛሬ በኢሊኖይ ወንዝ ነባር ዓሣዎችን የሚሻማ ወራሪ ሆኗል። ወደ ታላላቆቹ ሐይቆች እንዳይደርስም የኤሌክትሪክ መከላከያ እስከ መትከል ተደርሷል።

በአንጻሩ በቻይና ዉሃን ከተማ በሚገኘው ዶንግሁ ሐይቅ ይኸው ዓሣ በብዛት ከተለቀቀ በኋላ በ1980ዎቹ አጋማሽ የማይክሮሲስቲስ መስፋፋት ጠፍቷል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በቻይና ዓሣው የአገሩ ነባር ነው፤ በየጊዜውም እየተጠመደ ይወጣል። የአንዱ አገር መድኃኒት ለሌላው በሽታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከእኛ ብዙም በማይርቀው ቪክቶሪያ ሐይቅ በ1950ዎቹ የገባው የናይል ፐርች የዓሣ ንግዱን ቢያሳድግም በመቶዎች ለሚቆጠሩ ነባር የዓሣ ዝርያዎች መመናመንና መጥፋት ዋና ምክንያት ሆኗል።

መርዙስ የት ይሄዳል?

አልጌን በባክቴሪያ ወይም በቫይረስ መግደልም ሌላው አማራጭ ነው። ይሁን እንጂ የአልጌው ሕዋስ በአንድ ጊዜ ሲፈነዳ በውስጡ የያዘው መርዝ ወደ ውኃው ይፈስሳል። በ1979 በአውስትራሊያ ፓልም ደሴት ለመጠጥ የሚያገለግል ግድብ ላይ የነበረውን አልጌ ለማጥፋት መዳብ ሰልፌት ተረጭቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 148 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ታመው ሆስፒታል ገቡ። በዚያ አልጌውን የገደለው ኬሚካል ነበር፤ ገዳዩ ሕይወት ያለው ቢሆንም ግን የመርዙ መውጫ መንገድ አይለወጥም። የሞተው አልጌ ሲበሰብስ ደግሞ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጂን ስለሚጨርስ ዓሣ ሊያልቅ ይችላል።

ከሁሉ በላይ አልጌን የሚመግበው ፎስፈረስና ናይትሮጂን ነው። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወንዞች ከተራቆተ መሬት ደለል፣ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያና ከከተሞች ፍሳሽ ይዘው ወደ ጣና ይገባሉ። ይህ እስካልቆመ ድረስ የትኛውም ዓሣ ወይም ባክቴሪያ ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ከውጭ ከማምጣት በፊት ያለውን መጠበቅ ይቀድማል። የጣና ነባር የሆነው ቆሮሶ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌን ፈጭቶ መመገብ የሚችል ዓሣ ነው። በመራቢያ ወቅት አለማሥገርና ጠባብ ቀዳዳ ያለውን መረብ ማስቀረት ዓሣውንም ሐይቁንም ይጠቅማል። አልጌ በታየበት አካባቢ የተያዘ ዓሣ ግን መርዙ በሆድ ዕቃው ስለሚከማች ጉበቱና አንጀቱ ተወግዶ መጣል አለበት። የደንገልና የረግረግ ዳርቻዎችም ደለልና ማዳበሪያን አጣርተው ያስቀራሉ፤ ስለዚህ ለእርሻ ከመታረስ ሊጠበቁ ይገባል።

ለትናንሽ የግል ኩሬዎች የገብስ ገለባ መሞከር ይቻላል። ለአንድ ካሬ ሜትር የውኃ ገጽ 25 ግራም ያህል ገለባ በመረብ ከረጢት ላላ ተደርጎ ወደ ላይኛው የውኃ ክፍል ይገባል፤ 400 ካሬ ሜትር ለሆነ ኩሬ 10 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ገለባው አዲስ አልጌ እንዳይበቅል ያግዛል እንጂ ያለውን አይገድልም፤ በደፈረሰ ውኃም ውጤቱ ዝቅተኛ ነው። ከመጠን በላይ ከተጨመረ ኦክስጂን ያሳጣል።

አርሶ አደሩ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ አረፋ ያለበትን ውኃ ከብት እንዳይጠጣ መከልከል አለበት። ነፋስ አረፋውን ገፍቶ የሚያከማችበት ዳርቻ የበለጠ አደገኛ ነው። በዚህ ውኃ ጥሬውን የሚበላ አትክልት ማጠጣትም አይገባም። ችግሩን ያየ ሰው ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወዲያውኑ ያሳውቅ።

የወረዳ አመራሮች በበኩላቸው ባዕድ ዓሣም ሆነ ረቂቅ ተሕዋስ ለመልቀቅ የሚቀርብ ፕሮጀክት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሳይደረግለትና ከወንዝና ከሐይቅ ጋር በማይገናኝ ዝግ ኩሬ ሳይሞከር እንዳይፈቀድ መጠንቀቅ ይጠበቅባቸዋል። ለዚሁ የሚታሰበው ገንዘብ በላይኛው ተፋሰስ ለእርከን፣ ለሣር ዳርና ለወንዝ ዳር ተክል ቢውል የአልጌው ምግብ ከምንጩ ይቀንሳል። እርከን ባይሳካ ተመልሶ ይሠራል፤ ጣና የገባ ባዕድ ዓሣን ግን መልሶ የሚያወጣ የለም።