ከበረት ወደ መደብ፦ ሰንጋን ለሚበላው ሰው በቀጥታ መሸጥ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች አንድ ሰንጋ ከገበሬው በረት ተነሥቶ ከሸማቹ ድስት እስኪገባ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ረጅም ነው፤ ገበሬው በደላላ በኩል ለነጋዴ፣ ነጋዴው ለልኳንዳ ይሸጠዋል፣ ወይም ጭኖ አዲስ አበባ ያደርሰዋል። ሁለተኛው አጭር ነው። ጎረቤታሞች ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው ካደለበው ሰው ደጅ ይሄዳሉ፣ በሬውን ነድተው ይመጣሉ፣ አርደው ይካፈሉታል። ቅርጫ ነው። ስለ ቅርጫ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የበዓሉ ድምቀት ነው። እኔ ማንሣት የምፈልገው ንግዱን ነው፤ ያደለበ ገበሬ የድካሙን ዋጋ ከሚበላው ሰው እጅ የሚቀበልበት ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላውቅም።

አካባቢው ገበያ ለምዶ የኖረ ነው። ከጅሬን ቤተ መንግሥት ጥቂት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው የሂርማታ ገበያ ከሸዋ ወደ ከፋ በሚወስደው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ላይ ነበርና፣ በ19ኛው መቶ ዘመን እስከ 30 ሺህ ሰው ይሰበሰብበት እንደነበር ተጽፏል። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በነገሡበት ዘመን ከዚያ ገበያ የተገኘው ሀብት ጅማን አስከብሯታል።

የዛሬው ሰንጋ ትናንት የእርሻ በሬ የነበረ ነው። ገበሬው ዓመታት ካረሰበት በኋላ የእርሻው ወቅት ሲያልፍ ከቀንበር ያወጣውና ሦስት ወር ያህል አስሮ ይቀልበዋል። የበቆሎ አገዳ፣ ሣር፣ የእንሰት ቅጠል ከጓሮ ይገኛል። ሥጋ የሚያስይዘው ፋጉሎና ፉርሽካ ግን በገንዘብ ይገዛል፤ ብዙ ገበሬ በሬው ሳይሰባ ለመሸጥ የሚቸኩለውም መኖ መግዣ ሲያጥረው ነው። ሌላም ጠንቅ አለ። ወደ ጊቤ ቆላ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ የያዘው በሬ የቱንም ያህል ቢቀለብ አይሰባም። ስለዚህ ድለባ ከመጀመሩ በፊት ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይበጃል።

ገበያ ላይ ዋጋ የሚቆረጠው በዓይንና በእጅ ነው። ገዢው የጅራቱን ሥር ይጨብጣል፣ ጎድኑን ይዳስሳል፣ ሻኛውን ያያል፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል። ባለ በሬው ከሩቅ ነድቶት መጥቷል፤ ቀኑ በመሸ ቁጥር መልሶ መንዳቱ ይከብደዋል። ደላላው ይህን ያውቃል። በረት ድረስ የመጣ ገዢ ሲሆን ግን ሻጩ አይቸኩልም፣ በሬውም ሲበላ ሲጠጣ ይታያል።

ግምቱን ለማቃናት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቹና ከሻኛው ኋላ የደረቱን ዙሪያ፣ ከዚያም ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ርዝመቱን በሳንቲ ሜትር ይለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ ያባዙ፣ ውጤቱን በርዝመቱ ያባዙና ለ10,840 ያካፍሉት። ዙሪያው 165፣ ርዝመቱ 135 የሆነ በሬ 339 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ግማሹ ያህል ከነአጥንቱ ሥጋ ይሆናል፤ አሥር ሰው ቢካፈለው ለእያንዳንዱ 17 ኪሎ አካባቢ ይደርሰዋል። ይህን የሚያውቅ ገበሬ አይታለልም፣ ገዢውም አይከራከርም።

ክፍፍሉ ቢታይ ደስ ይላል። የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፣ እንደ አባላቱ ቁጥር መደብ ይወጣል። ሽንጡ፣ ዳቢቱ፣ ታላቁ፣ ታናሹ፣ ፍሪምባው፣ ጎድኑ፣ ሻኛው ሁሉም ለየመደቡ ይቆረሳል፤ ጉበቱና ጨጓራውም ሳይቀር። አንዱ መደብ የቀለለ ከመሰለ ከሌላው ተቆርጦ ይጨመርለታል። በመጨረሻ እያንዳንዱ ምልክቱን፣ ቁልፍም ይሁን ቁራጭ እንጨት፣ ይሰጣል፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። ዕጣው ከወጣ በኋላ ቅሬታ የለም።

ሙስሊሙ በሚበዛበት በጅማ ዙሪያ የአረፋ በዓል የራሱ ሕግ አለው። ለኡድሒያ፣ ማለትም ለበዓሉ መሥዋዕት፣ የሚታረደው ከብት ሁለት ዓመት የሞላው፣ ያልታወረ፣ የማያነክስ፣ ያልታመመና ያልከሳ መሆን አለበት። አንዱን ከብት እስከ ሰባት ሰው ሊጋራው ይችላል፤ ከሥጋውም ለድሃ ይሰጣል። ለሻጩ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ገዢው የሚፈልገው መስፈርት አስቀድሞ የታወቀ ነውና። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ እርድ የተለያየ ስለሆነ ማኅበሩም ለየብቻ ነው፤ ነገር ግን ያው አንድ አድላቢ ለፋሲካም ለአረፋም በሬ ያቀርባል።

የቅርጫ ትልቁ ጉድለት ምርመራ ነው። ቄራ የሚታረደውን ሐኪም ያየዋል፣ ግቢ ውስጥ የሚታረደውን ግን ማንም አያይም። ጥሬ ሥጋ ለምንወድ ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም፤ የኮሶ ትል ከዚያ ይመጣል። ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ መቅበር ነው፤ ለውሻ ከተጣለ በሽታው ዞሮ ወደ ሰውና ወደ ከብት ይመለሳል። ጅማ እ.ኤ.አ. በ1952 ከተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤት የበቀለ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያላት ከተማ ናት። እዚህ ሐኪም ከፍሎ ማስመጣት፣ ለአሥር ሰው ሲካፈል፣ ማንንም አይጎዳም።

ቅርጫ የምትገቡ ሁሉ፣ በዓሉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አትሰባሰቡ። ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ አንድ አድላቢ ምረጡ፣ በሬውን እዩ፣ ቀብድ ስጡ፤ ቀብዱ ለፋጉሎና ለፉርሽካ መግዣ ይሆነዋል። ቀሪውን ደግሞ በበዓሉ ዋዜማ፣ በሜትር ለክታችሁ ክፈሉት።