ለናፍጣ ታንከር የዝገት መጠባበቂያ ውፍረት አመራረጥ

መግቢያ

የኅብረት ሥራ ማኅበር ለትራክተርና ለውሃ መሳቢያ ሞተር ናፍጣ የሚያስቀምጥበትን የብረት ታንከር ሲያሠራ፣ የላሜራውን ውፍረት ለበያጁ ብቻ መተው አይገባውም። ታንከሩ ከሥሩ ከተበሳ ናፍጣው በእርሻ ወቅት ይባክናል፤ አፈሩንና የጉድጓድ ውሃንም ይበክላል። ስለዚህ ጭነቱን ከሚችለው ውፍረት በላይ በዝገት የሚበላ ትርፍ መያዝ ያስፈልጋል። ይህን ትርፍ የዝገት መጠባበቂያ እንለዋለን።

ዝገት የሚበረታበት ቦታ

ናፍጣ ብቻውን ብረትን እምብዛም አይጎዳም። ጉዳት የሚያደርሰው ውሃ ነው። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ በታንከሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ጤዛ ይሆንና ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል። በዚያም ረቂቅ ተሕዋስያን እየተራቡ ዝገቱን ያባብሱታል። ስለሆነም ወለሉ ከግድግዳው ቀድሞ ያልቃል።

አሠራሩ

መጠባበቂያው በዓመት የሚበላው ውፍረት በአገልግሎት ዘመኑ ተባዝቶ ይገኛል። ቀለም ያልተቀባ ብረት አየር ባለበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ በዓመት 0.1 ሚ.ሜ. ገደማ፣ በደረቅ የገጠር አየር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.025 ሚ.ሜ. በታች ይበላል። ብረቱ በሁለቱም ፊት የሚዝግ ከሆነ ሁለቱ ይደመራሉ።

ምሳሌ

ወርዱ 2.5 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክብ ታንከር 14,700 ሊትር ያህል ይይዛል። የፈሳሹን ግፊት ለመቻል 0.3 ሚ.ሜ. እንኳ ይበቃው ነበር፤ ነገር ግን ለብየዳ፣ ለማጓጓዝና ለነፋስ ሲባል 3 ሚ.ሜ. እንይዛለን። ለ20 ዓመት አገልግሎት፦

ሀ) ለወለሉ 0.1 × 20 = 2 ሚ.ሜ.፤ በጠቅላላው 5 ሚ.ሜ.
ለ) ለግድግዳው 0.025 × 20 = 0.5 ሚ.ሜ.፤ በገበያ ወደሚገኘው ላሜራ ሲጠጋ 4 ሚ.ሜ.

አንድ ሚ.ሜ. ውፍረት በአንድ ካሬ ሜትር 7.85 ኪ.ግ. ብረት ነው። ወለሉን ከ4 ወደ 5 ሚ.ሜ. ማሳደግ 39 ኪ.ግ. ያህል ይጨምራል፤ ግድግዳውን ማሳደግ ግን 185 ኪ.ግ. ይጨምራል። ስለዚህ ገንዘቡን ዝገት በሚበረታበት በወለሉ ላይ ማዋል ይሻላል።

ጥንቃቄና ክትትል

መጠባበቂያው ብረቱ በእኩል እንደሚበላ በማሰብ የተሰላ ነው። ዝገት በአንድ ነጥብ ላይ ጠልቆ ሲቦረቡር ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ፦

1. ወለሉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ በዝቅተኛው በኩል የውሃ ማፍሰሻ ይሠራለት፤ የተጠራቀመው ውሃም በየጊዜው ይውጣ።
2. ታንከሩ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ላይ ይቀመጥ፤ ውጪው የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ።
3. የወለሉ ውፍረት በድምፅ ሞገድ መለኪያ መሣሪያ ከውጭ በኩል ይለካ፤ ውጤቱም ይመዝገብ። 5 ሚ.ሜ. የነበረው ወለል በ5 ዓመት 4 ሚ.ሜ. ከሆነ በዓመት 0.2 ሚ.ሜ. ተበልቷል ማለት ነው። የቀረው 1 ሚ.ሜ. መጠባበቂያ የሚያቆየው 15 ዓመት ሳይሆን 5 ዓመት ብቻ ነው።
4. ናፍጣ የነበረበት ታንከር በሚገባ ሳይጸዳና ሳይናፈስ ማንም ሰው እንዳይገባበት፣ እንዳይበየድም። የቀረው ተን ሊፈነዳ ይችላል።

የልማት ሠራተኞች የወለሉና የግድግዳው ውፍረት በሥራ ውሉ ላይ ለየብቻ እንዲጻፍ፣ ርክክቡም በልኬት እንዲሆን ማኅበራቱን እንዲረዱ እናሳስባለን።